የፎርት ኬሲን ታሪክ ከኮንክሪቱ ላይ ማንበብ፦ የአንድ የባሕር ዳርቻ መድፍ ምሽግ የጉብኝት መመሪያ

በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ባለው በፎርት ኬሲ ምሽግ፣ ባትሪ ዎርዝ በሚባለው ክፍል ላይ ቆመው የሚታዩት ሁለት ባለ10 ኢንች መድፎች ድሮ እዚያ የነበሩት አይደሉም። የቦታው የራሱ መድፎች ተነቅለው ሄደዋል። አሁን ያሉት በ1968 ከፊሊፒንስ የመጡ ናቸው፤ በሱቢክ ባሕረ ሰላጤ፣ በግራንዴ ደሴት ላይ ከነበረው ፎርት ዊንት የተባለ ሌላ የአሜሪካ ምሽግ። ጎብኚው ሁሉ ከመድፎቹ ሥር ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። የቦታውን ታሪክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን ዓይኑን ከብረቱ አንሥቶ ኮንክሪቱ ላይ ማሳረፍ አለበት። ከተሠራ ጀምሮ ከስፍራው ያልተነቃነቀው እርሱ ነው።

ይህ መመሪያ ያንን ኮንክሪት እንዴት እንደሚያነቡት ያሳያል። ለፎርት ኬሲ የተጻፈ ቢሆንም፣ በዚያው ዘመን በተሠሩ ሌሎች የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ምሽጎችም ላይ ይሠራል። እዚህ «ባትሪ» ስንል በአንድ አዛዥ ሥር አብረው የሚተኩሱ መድፎችንና የተተከሉበትን ግንባታ ማለታችን ነው፤ በእጅ የሚያዘውን «መብራት» እንለዋለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመሄድዎ በፊት

መጀመሪያ ወረቀቱን ያግኙ። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ለእያንዳንዱ ባትሪ «የተጠናቀቁ ሥራዎች ሪፖርት» የሚባል ቅጽ ከፕላን ጋር ያዘጋጁ ነበር። ቅጹ ላይ የመድፎቹ ብዛትና ዓይነት፣ የመሸከሚያቸው ሞዴል፣ ከባሕር ወለል ያላቸው ከፍታ፣ የጥይት ማንሻው ዓይነት፣ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ ሁሉ ተጽፏል። ዋናዎቹ ሰነዶች በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ የመሐንዲሶች አለቃ መዝገብ በሆነው በ77 ቁጥር ምድብ ውስጥ ናቸው። ኮስት ዲፌንስ ስተዲ ግሩፕ የተባለው የአጥኚዎች ማኅበርም ቅጂዎቹን ሰብስቦ ያሠራጫል። የሚጎበኙትን ባትሪ ገጽ አትመው ይያዙ።

ቅጹን ሲያነቡ በቅድሚያ የተሞላበትን ቀን ይፈልጉ። አንዱ ባትሪ በተለያየ ጊዜ ሁለትና ሦስት ቅጽ ሊኖረው ይችላል። «መድፍ የለም» የሚል ቅጽ ካገኙ መድፉ ከዚያ ቀን በፊት መነሣቱን ይነግርዎታል እንጂ፣ አልነበረም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ምሽጉ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ በዊድቢ ደሴት ላይ፣ ከኩፕቪል ከተማ አጠገብ ነው። በሲያትልና በአካባቢዋ ለሚኖረው የእኛ ሰው የአንድ ቀን ጉዞ ነው፦ ከመኪልቲዮ እስከ ክሊንተን በጀልባ 20 ደቂቃ ገደማ፣ ከዚያ በመኪና ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከፖርት ታውንሰንድ የሚነሣው ጀልባም ምሽጉ ሥር ያወርዳል። ቦታው የክፍለ ግዛቱ ፓርክ ስለሆነ መኪና ለማቆም «ዲስከቨር ፓስ» ያስፈልጋል።

የሚይዙት ዕቃ ብዙ አይደለም፦ ሁለት መብራት (አንዱ ከግንባር ላይ የሚታሰር ቢሆን ይሻላል)፣ የ5 ሜትር ሜትር፣ ኮምፓስ፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ወረቀት ሲረጥብ አይጽፍም፤ እዚያ ደግሞ እርጥበት አይጠፋም። በበጋም ቢሆን ጃኬት ይያዙ፣ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ብርቱ ነው።

ምሽጉ ለምን እዚያ ቆመ?

በ1885 የተቋቋመውና በጦር ሚኒስትሩ በዊልያም ኢንዲኮት የተመራው ቦርድ፣ የአሜሪካ ወደቦች መከላከያ ያረጀ መሆኑን ገልጾ በ1886 አዲስ ዕቅድ አቀረበ። በፑጀት ሳውንድ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ፣ በብሬመርተን ከተማ፣ በ1891 የባሕር ኃይል የመርከብ ጣቢያ ተመሥርቷል። ወደ እርሱ የሚወስደው ዋናው በር አድሚራልቲ ኢንሌት የተባለው የባሕር መተላለፊያ ነው፤ በጠባቡ ስፍራ ስፋቱ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ በር ላይ ሦስት ምሽጎች ተሠሩ፦ ፎርት ወርደን፣ ፎርት ፍላግለርና ፎርት ኬሲ። ሦስቱ በአንድ ላይ «የእሳት ሦስት ማዕዘን» ተባሉ። ፎርት ኬሲ የመሐንዲሶች አለቃ በነበሩት በጄኔራል ቶማስ ሊንከን ኬሲ ስም ተሰየመ። ሥራው በ1897 ተጀምሮ፣ የመጀመሪያው የሙከራ ተኩስ በመስከረም 1901 ተደረገ። ለምሽጉ ቦታ ለመልቀቅ የቀድሞው የመርከብ መብራት ማማ ተነሥቶ፣ ዛሬ የሚታየው ነጩ ማማ በ1903 ተሠራ።

ሲጠናቀቅ 10 ባትሪዎችና 35 መድፎች ነበሩት። ዎርዝ፣ ሙርና ኪንግስበሪ በድምሩ 7 ባለ10 ኢንች ይዘው ነበር። ፓርከርና ቫሎ 6 ባለ6 ኢንች፣ ተርማን 2 ባለ5 ኢንች፣ ትሬቨርና ቫን ሆርን እያንዳንዳቸው 2 ባለ3 ኢንች፣ ሼንክና ሲሞር ደግሞ እያንዳንዳቸው 8 ባለ12 ኢንች ሞርታር (ወደ ሰማይ የሚተኩስ መድፍ) ነበራቸው። ይህን ዝርዝር በደብተርዎ መጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉት፤ ባዶ መደብ (አንድ መድፍ የተተከለበት ስፍራ) ባጋጠመዎት ቁጥር ከእርሱ ጋር ያስተያዩታል።

ባትሪ ዎርዝ፦ መድፉ እንዴት ይሰወር ነበር?

ጉብኝቱን ከዚህ ይጀምሩ። የመጡት መድፎች ለቦታው እንግዳ ቢሆኑም ዓይነታቸው ድሮ ከነበሩት ጋር ተመሳሳይ ነው፤ ስለዚህ በሌሎቹ ባትሪዎች ባዶውን ጉድጓድ ሲያዩ ምን እንደጎደለ ለመረዳት ይጠቅማሉ።

መሸከሚያው በሁለት የጦር መኮንኖች፣ በበፊንግተንና በክሮዚየር ስም የሚጠራው «ተሰዋሪ» መሸከሚያ ነው። ከጎን ቆመው ይመልከቱት። መድፉ በሁለት ግዙፍ የብረት ክንዶች ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የክንዶቹ ሌላ ጫፍ ወደ ታች፣ መሸከሚያው መካከል ወዳለው ጉድጓድ ይወርዳል፤ እዚያ ከባድ ማመዛዘኛ ተንጠልጥሏል። አሠራሩ በቅደም ተከተል ይህን ይመስላል፦

1. መድፉ ከግንቡ በስተጀርባ ዝቅ ብሎ ሳለ የኋላ በሩ ይከፈታል። የቀረ ፍም ካለ እንዲጠፋ በርሜሉ በረጠበ መወልወያ ይጠረጋል።
2. 280 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ጥይት በጋሪ ቀርቦ፣ በርካታ ሰዎች በረጅም እንጨት ወደ ውስጥ ይገፉታል። በከረጢት የታሠረው ባሩድ ይከተላል፤ በሩ ይዘጋል።
3. መቆለፊያው ሲለቀቅ ማመዛዘኛው በክብደቱ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ መድፉ በግንቡ ላይ ብቅ ይላል።
4. ይተኮሳል። የተኩሱ ኃይል መድፉን ወደ ኋላና ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ማመዛዘኛው ወደ ላይ ይሳባል፤ መቆለፊያው ይይዘዋል። የተረፈውን ኃይል በዘይት የተሞሉ ሲሊንደሮች ይውጡታል።

እንግዲህ መድፉን የሚያወርደው የራሱ ተኩስ ነው። ለልምምድ አነስተኛ ባሩድ ከተጎረሰ ኃይሉ አይበቃም፤ መድፉ መንገድ ላይ ይቀራል ወይም መቆለፊያው ላይ ሳይደርስ ይመለሳል። ያኔ ወታደሮቹ በመዘውርና በገመድ ጎትተው ያወርዱታል። የመጎተቻውን መዘውር በመሸከሚያው ጎን ይፈልጉት።

የዚህ ብልሃት ድካምም ከክንዶቹ ይታያል። መድፉ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ካለው ማዕዘን በላይ ቀና ማለት አይችልም፤ ክንዶቹና ግንቡ አይፈቅዱለትም። ጥይቱ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄድ ስለነበር በ1901 ይህ በቂ ነበር። በኋላ የጦር መርከቦች መድፋቸውን ይበልጥ ቀና ማድረግ ሲጀምሩ ግን ከምሽጉ አልፈው መተኮስ ቻሉ። አውሮፕላን ሲመጣ ደግሞ ጣሪያ የሌለው የመድፍ ጉድጓድ ከላይ ለሚወርድ ቦምብ ክፍት ሆነ። የምሽጉ መጨረሻ የተጻፈው እዚሁ ንድፉ ላይ ነው፤ አንድም ጥይት በጠላት ላይ ሳይተኩስ ያረጀውም በዚህ ምክንያት ነው።

አፈሙዙን በመብራት ከጎን ይፈትሹ። በዚያ ዘመን በነበሩ የአሜሪካ መድፎች የአፈሙዝ ፊት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር፣ የተሠራበት ፋብሪካ፣ ዓመትና ክብደት ተቀርጾ ይገኛል። ቀለም ከደፈነው ፊት ለፊት ማብራት አይረዳም፤ መብራቱን ከብረቱ ጋር አጋድመው ሲያበሩ የፊደሉ ጥላ ይወጣል። ቁጥሩን ሲጽፉ «ከፎርት ዊንት የመጣ» ብለው ጎኑ ላይ ያስፍሩ፤ አለበለዚያ ሌላ ሰው የፎርት ኬሲ የቀድሞ መድፍ አድርጎ ይወስደዋል።

ባዶውን ጉድጓድ ማንበብ

አሁን ወደ ሙር ወይም ወደ ኪንግስበሪ ይሂዱ። ክብ ሆኖ የተደረደረ የብሎን ረድፍ ወይም የብሎን ቀዳዳ ያያሉ፤ የመሸከሚያው መሠረት የታሠረው በእርሱ ነው። ዲያሜትሩን ይለኩ። ለመለካት ሁለት ሰው ይሻላል፤ ሜትሩ አጭር ከሆነ ዙሪያውን በገመድ ለክተው ለ3.14 ያካፍሉ። በመካከል ጥልቅ ጉድጓድ ካለ ተሰዋሪ መድፍ ነበረበት። ጉድጓድ ከሌለና የብሎኑ ክብ ትንሽ ከሆነ፣ እንደ ትሬቨር ያለ ትንሽ መድፍ በቀጥታ በምሰሶ ላይ ተተክሎ ነበር። (በትሬቨር ላይ ያሉት ሁለት ባለ3 ኢንች መድፎችም ከፎርት ዊንት የመጡ ናቸው።)

ብሎኖቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። ጥርሱ ደኅና የሆነ ብሎን መድፉ በሥርዓት ተፈትቶ መነሣቱን ያመለክታል፤ ወደ ሌላ ቦታ ሊወሰድ ነው ማለት ነው። ጫፉ በእሳት ተቆርጦ የቀለጠ ከሆነ ብረቱ ለቁርጥራጭ ሳይሸጥ አልቀረም። ይህ ልዩነት ከታሪኩ ጋር ይገጥማል፦ በ1ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከነዚህ ምሽጎች ብዙ መድፎች በመንኮራኩርና በባቡር ላይ ተጭነው በአውሮፓ እንዲያገለግሉ ተነቀሉ፤ በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የቀሩት ለብረታቸው ተቆራረጡ። ግን በብሎን ብቻ አይፍረዱ። መድፉ ተፈትቶ ከሄደ በኋላ የቀረውን መሠረት ቆራጮች መጥተው ሊቆርጡት ይችላሉ። የቅጹ ቀንና ብሎኑ ሲስማሙ ብቻ ይመኑ።

ቀጥሎ የኮንክሪቱን ቀለምና ስፌት ይከተሉ። መድፍ ጎራሾቹ የሚቆሙበት መድረክ በብዙ ባትሪዎች መጀመሪያ ጠባብ ነበር፤ ጋሪና ሰው ሲጋጭ በኋላ አሰፉት። የተጨመረው ክፍል በቀለም ይለያል፤ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይገኛል። ግንቡ ላይ የእንጨት ቅርጽ (ካሳፎርማ) አሻራ ካለ የሳንቃውን ስፋት ለኩ፤ አሮጌውና አዲሱ ሥራ የተለያየ ሳንቃ ስለሚጠቀም ይለያያሉ። አዲስ የብረት አጥር፣ ለስላሳ ጥገናና ወጥ የሆነ ቀለም ግን የፓርኩ ዘመን ሥራ ነው። ቦታው ከ1955 ጀምሮ የክፍለ ግዛቱ ፓርክ ስለሆነ ከ60 ዓመት በላይ ጥገና አልፎበታል።

ከታች፦ የጥይትና የባሩድ ክፍሎች

ወደ ውስጥ ሲገቡ ሁለተኛው መብራት ያስፈልግዎታል። ጥቂት ደቂቃ ቆመው ዓይንዎ ጨለማውን ይልመድ፤ ወለል ላይ ክፍት ቦይና ቀዳዳ አለ፣ ልጆችን በእጅ ይያዙ።

ጣሪያውን ያብሩ። የብረት ሐዲድ ወይም የሐዲዱ ማሰሪያ ካለ፣ ጥይቱ በላዩ ተንጠልጥሎ ከክፍሉ ወደ ማንሻው ይሄድ ነበር። 280 ኪሎ የሚመዝን ጥይት በሰው ትከሻ አይሄድም። ከሐዲዱ መጨረሻ ወደ ላይ የሚወጣ ጠባብ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ይፈልጉ፤ የማንሻው መንገድ ነው። በኋለኞቹ ዓመታት በብዙ ባትሪዎች የገባው ቴይለር-ሬይመንድ የተባለው ማንሻ ማለቂያ በሌለው ሰንሰለት ላይ የተያያዙ መያዣዎች ነበሩት፤ አንዱን ጥይት ሲያወጣ ሌላው ከሥር ይከተል ነበር። ከአንዱ ማንሻ አጠገብ የተደፈነ ሌላ ጉድጓድ ካገኙ የቀድሞው ማንሻ ቦታ ነው፤ ከቅጹ ጋር ያመሳክሩት።

የግድግዳው ነጭ ጠብታና ከጣሪያ የተንጠለጠለው ነጭ ጭራ የምሽጉ ትልቁ ጠላት ማስረጃ ነው። ጠላቱ እርጥበት ነበር። ሞቃቱ የባሕር አየር ቀዝቃዛውን ኮንክሪት ሲነካ ግድግዳው ያልባል፤ የዝናብ ውሃም በጣሪያው ስንጥቅ ገብቶ የኖራውን ጨው ይዞ ይወርዳል። እርጥብ ባሩድ እኩል አይነድም፤ እኩል ያልነደደ ባሩድ ጥይቱን ከታሰበው አጭር ይጥለዋል። ስለዚህ ከመሬቱ ሥር እስከ ጣሪያ የሚሄዱ የአየር ቱቦዎች፣ ከጣሪያው ላይ የተቀባ ሬንጅ፣ በግድግዳው ሥር የውሃ መውረጃ ቦይ ያያሉ። አንዱን የአየር ቀዳዳ ከውስጥ ፈልገው ከውጭ የት እንደሚወጣ ይከተሉት፤ የክፍሎቹን አቀማመጥ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

ግድግዳው ላይ ከሚያልፉት ትናንሽ ቱቦዎች አንዳንዶቹ የመብራት ሽቦ፣ አንዳንዶቹ የንግግር ቱቦ ናቸው። የንግግር ቱቦው ሰፋ ያለ ሲሆን መጠምዘዣው የለሰለሰ ነው፤ ድምፅ በሹል ማዕዘን አይዞርም።

መድፉ ያላየውን እንዴት መታ?

ጎራሹ ከግንቡ በስተኋላ ሆኖ መርከቡን አያየውም። ርቀቱን የሚለኩት በሌላ ስፍራ ያሉ ተመልካቾች ነበሩ፤ ከመድፎቹ ወዲህና ወዲያ፣ ከፍ ባለ ስፍራ፣ ጠባብ አግድም መስኮት ያላቸው ትናንሽ ክፍሎችን ይፈልጉ። ሁለት መንገድ ነበር፤ ሁለቱንም በቁጥር ቢሞክሩት ቦታው ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ይገባዎታል።

የመጀመሪያው በከፍታ ነው። ተመልካቹ ከባሕሩ በስንት ሜትር ከፍ እንዳለ ካወቀ፣ ወደ መርከቡ ሥር ወደ ታች የሚያይበት ማዕዘን ርቀቱን ይሰጠዋል። ለምሳሌ ከፍታው 30 ሜትር፣ ማዕዘኑ 0.5 ዲግሪ ቢሆን ርቀቱ 3,440 ሜትር ገደማ ይወጣል። ባሕሩ በዕለታዊ ሙላቱ 3 ሜትር ከፍ ካለ ግን ከፍታው 27 ሜትር ሆነ፤ ያው ማዕዘን አሁን 3,090 ሜትር ገደማ ነው። የውሃውን መጠን ያልመዘገበ ተመልካች 340 ሜትር ይስታል። ስለዚህ የባሕሩ ሙላት ከፍታ በየጊዜው ይነገራቸው ነበር።

ሁለተኛው በሁለት ጣቢያ ነው። ርቀታቸው የታወቀ ሁለት ተመልካቾች በአንድ ቅጽበት ወደ አንድ መርከብ ያነጣጥራሉ፤ ሁለቱ መሥመሮች በሠንጠረዥ ላይ ሲገናኙ የመርከቡ ቦታ ይታወቃል። ጊዜው እንዲገጥም በየጣቢያው ደወል በየ15 ወይም በየ20 ሴኮንዱ ይደወል ነበር። ሁለት ሆነው በኮምፓስ ይሞክሩት፦ አንዱ መርከቡን ሁለታችሁን ከሚያገናኘው መሥመር በ90 ዲግሪ ያየዋል እንበል፤ ርቀቱ 5,000 ሜትር ነው። በሁለታችሁ መካከል 500 ሜትር ካለና ሌላው ተመልካች 1 ዲግሪ ቢስት፣ የሚወጣው ርቀት 6,070 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ስሕተት። መካከሉ 2,000 ሜትር ቢሆን ግን ያው የ1 ዲግሪ ስሕተት 265 ሜትር ብቻ ነው። ጣቢያዎቹ ተራርቀው የተሠሩት ለዚህ ነው፤ በእግር ሲሄዱ «ይህ ክፍል ከምሽጉ ምን አራቀው?» የሚያሰኝዎት ሁሉ መልሱ እዚህ አለ።

ኮምፓስ ሲጠቀሙ ሁለት ነገር ይጠብቁ። በዚህ አካባቢ የኮምፓሱ ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 15 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል። ከመድፉ አጠገብ ደግሞ ብረቱ መርፌውን ይስባል፤ ቢያንስ 20 ሜትር ርቀው ይለኩ።

የሞርታር ጉድጓዶች

ሼንክና ሲሞር ከሌሎቹ ወደ ኋላ፣ ባሕሩን በማያዩበት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። ሞርታሩ ወደ ሰማይ ተኩሶ ጥይቱን በመርከቡ ጣሪያ ላይ ይጥል ነበር፤ የመርከብ ጎን ወፍራም ብረት ሲለብስ ጣሪያው ስስ ነበርና። በአንድ ጉድጓድ 4 ሞርታር ይቆሙ ነበር። 4ቱ መጎረሻ ላይ ሰዎቻቸው እየተጋጩ ሥራውን ስላዘገዩ፣ በ1ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብዙ የአሜሪካ ምሽጎች 2ቱ ከየጉድጓዱ ተነሡ። ወለሉ ላይ 4ቱን ክቦች ያግኙና ያወዳድሯቸው፦ ሁለቱ በኮንክሪት ተደፍነው ሁለቱ ክፍት ከሆኑ ያንን ለውጥ በዓይንዎ እያዩት ነው።

መዝገብ አያያዝ

ለእያንዳንዱ መደብ አንድ ገጽ ይስጡ፦ የባትሪው ስም፣ የመደቡ ቁጥር፣ የብሎኑ ክብ ዲያሜትር፣ የብሎኖቹ ብዛትና ሁኔታ፣ ጉድጓድ መኖር አለመኖሩ፣ የተጨመረ ኮንክሪት። ፎቶ ሦስት ይበቃል፤ ከሩቅ፣ ከመካከል፣ ከቅርብ። በቅርቡ ፎቶ ላይ ሜትሩን አጠገቡ ያጋድሙ፣ መጠን የሌለው የብሎን ፎቶ ለማንም አይጠቅምም። ሰው አልባ በራሪ ካሜራ ያለ ፈቃድ አያስነሡ። የወደቀ የብረት ቁራጭ ካገኙ ፎቶ አንሥተው፣ ቦታውን መዝግበው እዚያው ይተዉት፤ ከስፍራው የተነሣ ብሎን ከየትኛው መደብ እንደነበር ዳግመኛ አይታወቅም።

ግንቡ ላይ ሲወጡ ከጫፉ ይራቁ። ብዙዎቹ ጠርዞች አጥር የላቸውም፤ ከላይ ያለው ሣር ጫፉን ይሸፍነዋል፤ ቁልቁሉም በርካታ ሜትር ነው። ጊዜ ካጠረዎት ኪንግስበሪንና ዎርዝን ብቻ ያስተያዩ፦ መጀመሪያ ባዶውን ጉድጓድ ለክተው ምን እንደነበረበት በደብተርዎ ላይ ይሣሉ፣ ከዚያ ዎርዝ ሄደው ሥዕልዎን ከቆመው መሸከሚያ ጋር ያመሳክሩ።